የታጠበው ጋቢ

ይድረስ ለወንድሜ ለጀምበሬ፤ አምና ሞቶ ለተለቀሰለት፣ ዘንድሮም ሙት ዓመቱ በደንብ ለወጣለት፣ እሱ ግን ጅቡቲ ወደብ ጆንያ እየተሸከመ ዓሣ በሩዝ ለሚበላው። እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ እንዴት ነው? የባሕሩ ወበቅስ እንዴት ይዞሃል? ወባው እዚያም ተከተለህ ወይስ እኛው ጋ ቀረ? እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። ዓመት ሙሉ የናፈቅንህ እንደ ሙት ነበር፤ አሁን ደግሞ እንደ ሩቅ አገር ሰው መናፈቅ ጀምረናል። ይኸኛው ይሻላል።

የምጽፍልህ እኔው እህትህ ደመቀች ነኝ። ፊደሌ ዶሮ የጫረው ቢመስልህ አትሳቅ፤ አባታችን ነፍሱን ይማረውና አንተን እየተቆጣ ፊደል ሲያስቆጥርህ በጓዳ በኩል እየሰማሁ የለቀምኩት ነው። ገበያ ላይ የሚጽፉት ሰውዬ እጃቸው መልካም ነበር፤ ምላሳቸው ግን ከእጃቸው ይቀድማል። ይህ ደግሞ ለሰው የሚነገር አይደለም።

የግመል ነጋዴው ሷሊሕ ደብዳቤህን ያመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። በጨው ከረጢት ውስጥ ደብቆት ስለነበር ገና ሳላነበው እጄን ለበለበኝ። እማዬ ማሽላ እየፈጨች ነበር። መጀመሪያ ሳነብላት «ውሸት ነው፤ የሞተ ሰው አይጽፍም» ብላ መፍጨቷን ቀጠለች። ግንድ ይዘህ ወንዙን እንደወረድክ፣ ከግመለኞች ጋር አዋሽን እንደተሻገርክ አነበብኩላት፤ አላመነችም። «እዚህ ወጥ የሚሉት ነገር ጨው ያንሰዋል፤ ቅመምም የለውም» የሚለው ላይ ስደርስ ግን መጁን ጣለችና «ልጄ ነው» አለች። ከዚያ ወዲያ ያለቀሰችውን እንባ ወፍጮው ይመስክር።

ወንዙ ከወሰደህ በኋላ የሆነውን አታውቅምና ልንገርህ። ያን ሮብ ከገበያ ስትመለሱ የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ወንዙ መሻገሪያ መልካው ላይ ሲተኩሱባችሁ ዘጠኝ ሰው ወደቀ። ዘጠኙም የያዙት እህልና ጨው እንጂ ጠመንጃ አልነበረም። አንተን ስናጣ ጋቢህን ከመልካው በታች ቁጥቋጦ ይዞት አገኘነው፤ ጭቃ በጭቃ ሆኗል፣ መሐሉም ቀዳዳ ነበር። አገሩ ሁሉ «ይኸውና የጥይት ቀዳዳ» ብሎ አለቀሰ። እኔ ቀዳዳው ማሽላ ስትጠብቅ እሳት ዳር አንቀላፍተህ ፍም የበላው መሆኑን አውቅ ነበር፤ በዚያ ሰዓት ግን ማን አፍ አለው? ጣልያን የሾመው ጭቃ ሹማችን ተፈራም «በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ፣ ጥይት ነው» ብሎ አሥረኛ ሙት አድርጎ አስመዘገበህ።

ቤታችን የቆመው እንግዲህ በዚያ ቀዳዳ ነው። ልጁ አመለጠ፣ ዱር ገባ የተባለ ሰው ቤቱ ይቃጠላል፤ ከጀውሃ ወዲህ ሁለት ቤት አመድ ሆኖ አይቻለሁ። አንተ በሕይወት መኖርህን ተፈራ ቢሰማ እማዬ አንገቷን የምታስገባበት ጎጆ አይኖራትም ነበር። ስለዚህ ለማንም ላንተነፍስ ተማማልን። ችግሩ ለሙት ዓመቱ ሦስት ሳምንት ብቻ መቅረቱ ነበር።

ሽማግሎች ፈቃድ ሲጠይቁ ተፈራ «ይሁን፣ ግን ፉከራ የለም፣ ሽለላ የለም፣ ጠመንጃ የሚል ቃል አይነሳም» አለ። እሱም ከጣልያኑ አስተርጓሚ ጋር ከፊት ሊቀመጥ ሆነ። ሙሾውንም አስቀድሜ ልስማው ብሎ አስለቃሿን እትዬ እጅጋየሁን አስጠራቸው። እትዬ እጅጋየሁ «ሙሾ እንደ ማስነጠስ ነው፤ ሲመጣ ነው የሚመጣው። ከፈለግህ አንተ ሙትና ያን ጊዜ የሚመጣልኝን ትሰማለህ» ብለውት ወጡ። ሁለተኛ አልጠራቸውም።

የሞቱት ክርስቲያንም እስላምም ናቸውና ሐዘኑ አንድ ላይ እንዲሆን ሼህ ኢብራሂምና ቄሱ ቆመው ሳሉ ተስማሙ፤ ጠዋት መንዙማና ዱዓ፣ ከሰዓት ሙሾ፣ ለየራሱ ሰንጋ፣ ለየራሱ ቢላዋ። ሁለት ቀን የፈጀው የሴቶቹ ክርክር ነበር፤ መልካው ዳር ያለው ዋርካ አንድ ስለሆነ በጥላው ተጣሉ። በመጨረሻ ግራው ለእስላም፣ ቀኙ ለክርስቲያን ተባለና ድንጋይ ተደረደረ። በቀኑ ግን ፀሐይ ዞረችና ጥላው ሁሉ ወደ ግራ ሄደ። ሁሉም ተነስቶ ጥላውን ተከተለ፣ ድንጋዩም መቀመጫ ሆነ።

እኛን ያስጨነቀን ግን የእማዬ ፊት ነበር። ደስታ እንደ እርግዝና ነው፣ ውሎ አድሮ ይታያል። ስትፈጭ ታንጎራጉር ጀመር፤ በዓመቷ ፀጉሯን ቅቤ ልቀባ ብላ ከእጇ ነጠቅኋት። ማታ ማታ በሩን ዘግተን ልቅሶ አስጠናኋት። «ጀምበሬ ልጄ» ብላ በደህና ትጀምርና «ዛሬ ምን በልቶ ይሆን? ያ ዓሣ አጥንቱ» ብላ ትጨርሰዋለች። ሽንኩርት ይዛ ብትሞክረው አስነጠሳት። የሞተችውን ላማችንን አስቢ ብላት «እሷማ አርጅታ ነበር» አለች። ተስፋ ቆርጬ «ነጠላሽን ዓይንሽ ድረስ ተከናነቢ፣ ጠላም እንዳትቀምሺ» ብዬ ተውኳት፤ ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋልና።

ሙት ዓመቱ የዋለው ግንቦት አሥር ሐሙስ ነው። የአሥራችሁም ልብስ በአንድ አልጋ ላይ ሊዘረጋ ስለሆነ ጋቢህን ላወጣ ሣጥኑን ስከፍት ደነገጥኩ። ጋቢው እንደ ወተት ነጥቷል። ያ ጭቃ የለም፣ ያ የእሳት ቀዳዳ ተሰፍቶ ተደፍኗል። «እማዬ ምን አደረግሽ?» ስላት «ለልጄ ልልክለት ነዋ፤ ሁለት ጊዜ በእንዶድ አጠብኩት» አለች፣ ኩራት ኩራት እያላት። ጭቃ ልቀባው ብዬ ስነሳ እጄን ያዘችኝ፤ የታጠበ አይቆሸሽም አለች። ከበሮው ተጀምሮ ሰው እየጠራን ስለነበር ጊዜም አልነበረንም። የተሰፋውን ወደ ውስጥ አጥፌ ይዤው ሄድኩ።

መንዙማው ልብ የሚያርስ ነበር። ሼህ ኢብራሂም ድቤውን እያስመቱ ዘጠኙንና አንተን በስም እየጠሩ ምሕረት ሲለምኑ ክርስቲያኑም አብሮ «አሚን» ይል ነበር። ከሰዓት እትዬ እጅጋየሁ ነጠላቸውን አገልድመው ተነሱ። ለእያንዳንዱ ልብሱን እያነሱ ገጠሙ። አንተ ጋ ሲደርሱ እንዲህ አሉ፦

ጀምበሬ ደፋሩ ውሃ የማይፈራ፣
ጋቢው ብቻ መጣ ወሬውን ሊያወራ።

አገሩ ተንሰቀሰቀ። ተፈራ ሳይቀር በካፖርቱ እጅጌ ዓይኑን ጠረገ፣ በሕይወትህ ሳለህ ሰላምታ የማይሰጥህ ሰው። እኔ ግን ውሃ የማይፈራ ሲሉ እንቁራሪት አይተህ እንስራ ሰብረህ የሮጥክበት ቀን መጣብኝና ከንፈሬን ነከስኩ። እትዬ እጅጋየሁ በዚህ ቢያበቁ መልካም ነበር። ጋቢውን ከፍ አድርገው ሲያነሱት ንጣቱ ዓይናቸው ውስጥ ገባ። አየት አየት አደረጉትና ሌላ መጣላቸው፦

አጥባ ትጠብቃለች እናት ምን ሆናለች፣
የሞተ ልጇን ልብስ ለማን ታነጣለች።

ሴትዮዋ ሳያውቁት ገመናችንን በዜማ አወጡት። ሰው «ወይ እናት» እያለ ደረቱን ሲመታ እማዬን ዞሬ ባያት ነጠላዋ ውስጥ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። ጎረቤቶች «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ያቀፏታል። እኔ ግን ያን መርገፍገፍ አውቀዋለሁ፤ ከልጅነታችን ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሳቅ ሲይዛት እንደዚያ ነው። ዓመት የታፈነ ደስታ በሙሾ መሐል በሳቅ ፈነዳባት። በአንቀልባ ያለች ሕፃን ብቻ ከስር አይታት አብራት ሳቀች።

የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው፣ ተፈራ በዚህ መሐል ወደ አስተርጓሚው ዘንበል ብሎ «ና የጥይቱን ቀዳዳ ላሳይህ፤ አምና ያልኩህን» አለውና ሁለቱም ወደ አልጋው መጡ። እትዬ እጅጋየሁ ጋቢውን መልሰው አስቀምጠውታል። ተፈራ ጫፉን ይዞ ሲገልጥ ቆሜ አየሁ። አንድ እጥፋት ገለጠ። ሁለተኛውን ገለጠ። የተሰፋው ሦስተኛው ላይ ነበር።

እትዬ መሪያም አልጋው አጠገብ ከዘጠኙ አንዱ የሆነውን የልጃቸውን የአሊዪን ሽርጥ ታቅፈው ተቀምጠው ነበር። ድንገት «ጀምበሬ! የልጄ ጓደኛ!» ብለው ጮኹና ጋቢው ላይ ወደቁበት። ከተፈራ እጅ መንጭቀው ሰውነታቸው ላይ ጠቀለሉት፣ ጫፉም ተቀደደ፤ መሬት ላይ እየተንከባለሉ ስምህን ጠሩ። አሊዪን በዚያ ቀን ያን ያህል አልጠሩትም። ሐዘንተኛ እናት የታቀፈችውን ልብስ ከእጇ ከመቀማት የባሰ ነውር በኛ አገር የለምና ተፈራ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ቀረ። አስተርጓሚውም አፍሮ «ይብቃ፣ እንሂድ» አለው።

እትዬ መሪያም እየተንፏቀቁ እማዬ ጋ ደረሱና አንገቷን አቅፈው በጆሮዋ አንድ ነገር ነገሯት። ወዲያው የእማዬ ትከሻ ቆመ። ከዚያ ያለቀሰችውን ለቅሶ ጀምበሬ፣ አምና አንተን ስናጣም አላለቀሰችውም። እስኪመሽ ድረስ ማንም ሊያስታግሳት አልቻለም። እኔም ምን እንደሆነ ሳላውቅ አብሬያት አለቀስኩ።

ቤት ገብተን በሩን ከዘጋን በኋላ ነው የነገረችኝ። እትዬ መሪያም እንዲህ ብለዋት ነበር፦ «ለሞተ ሰው ቀዳዳ አይሰፋም፤ እኔ የአሊዪን አልሰፋሁም። ልጅሽ አለ። የኔም ቢኖር አንቺ ትሸፍኚልኝ ነበር። አሁን አልቅሺ፣ ተፈራ እያየሽ ነው።» እማዬ ይህን ነግራኝ «በደስታዬ አፈርኩ» አለች። እኔም አፈርኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንተን ከተፈራ ስንደብቅ፣ ከእትዬ መሪያምም ደብቀንህ ነበርና።

በማግስቱ ሁለታችንም ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። እሳቸው ግን ገና ከበር «ያ ጫፉ የተቀደደው ጋቢ የታለ? አምጡት፣ እኔ ቀድጄው እኔ ነኝ የምሰፋው» አሉ። ይቅርታውን ሊሰሙ አልፈለጉም። አንድ ነገር ብቻ ላንተ እንድጽፍላቸው ለመኑኝ። አሊዪ መልካው ላይ ከጎንህ እንደነበር ሰው ነግሯቸዋል። በደብዳቤህ ስለ ግንዱ፣ ስለ ግመሉ፣ ስለ ወጡ ሳይቀር ጽፈህ ስለ አሊዪ አንድ መስመር አልጻፍክም። ለምን እንደዘለልከው ይገባኛል፤ እሳቸውም ገብቷቸዋል። ቢሆንም በመጨረሻ ምን እንዳለ፣ ውሃ ጠይቆ እንደሆነ፣ ጠርቷቸው እንደሆነ ሳትጨምር ሳትቀንስ ጻፍላቸው። ምንም ሳይል ከሆነም ምንም አላለም በል። ለማስደሰት ብለህ እንዳትገጥም፤ ገጣሚ እትዬ እጅጋየሁ ይበቁናል።

እማዬ ደግሞ እንዲህ ብላሃለች፦ አገር ሲረጋና ስትመጣ መጀመሪያ የምታንኳኳው የኛን በር እንዳይሆን፤ የእትዬ መሪያምን ነው። እኔ ደጅ ቆሜ እጠብቅሃለሁ ብላለች። ዓሣውን አጥንቱን አውጥተህ ብላ፣ ጆንያ ስትሸከም በግራ ትከሻህ ብቻ አታብዛ ብላሃለች። እኔ አምና በልቅሶህ የነጨሁት ጉንጬ ጠባሳ ስላወጣ ስትመጣ አሳይሃለሁ፤ ያን ቀን ፊትህን እንዳታዞር። አክስታችን ሳታውቅ ትሰላምሃለች፤ ነፍስህን ይማር እያለች በየእሑዱ ሻማ ታበራልሃለችና ክፉ አይደለም፣ ተጠቀምበት። ሷሊሕ ይህን በእጁ ይዞ ስለሚመጣ ስለ መንገዱ ከእሱ ስማ። እትዬ መሪያም «ሰላም ለልጄ» ብለዋል፤ ልጄ ያሉት አንተን ነው።

ደብዳቤውን በጋቢው እጥፋት መሐል ከተትነው፤ አፉን የሰፉት እትዬ መሪያም ናቸው። ይህን የምታነብ ከሆነ ሷሊሕ ነግሮህ አረንጓዴውን ክር ፈተኸዋል ማለት ነው። ክሩን እንዳትጥለው፤ አንብበህ ስትጨርስ በዚያው መልሰህ ስፋው። ከአሊዪ ሽርጥ የተመዘዘ ነው።

እህትህ ደመቀች
ሸዋ ሮቢት፣ ግንቦት 27 ቀን 1931 ዓ.ም.