ድሪቶ ስለማያስገባው የጥልፍ መኪና

ይህን ቃል የማስጽፈው ስለ አንድ የጥልፍ መኪና ነው። ሌላ ንብረት የለኝም ለማለት አይደለም፤ ጥቂት አለኝ፤ በየተራው እናገራለሁ። መኪናው ባይኖር ግን ምስክር ሰብስቤ ሰው አላደክምም ነበር። ከሞትሁ በኋላ ዳንቴል ለብሶ ከቴሌቪዥን አጠገብ እንዲቆም አልፈቅድም። ምክንያቴ ይኸው ነው።

እኔ ቤተልሔም ቀለመ ወርቅ፣ የክርስትና ስሜ ወለተ ሚካኤል፣ በላይ ጋይንት ወረዳ የንፋስ መውጫ ከተማ ነዋሪ፣ ዛሬ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. በአባቴ ቤት በአልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ እናዘዛለሁ። ልቤ ታሟል፤ ልቡናዬ አልታመመም። ሐኪሙ የልቤ በር በወጉ እንደማይዘጋ ነግሮኛል፤ የሚመጣውን ክረምት አይ እንደሆነ ስጠይቀው ግን ወረቀቱን ማገላበጥ ጀመረ። የምናገረውን የምትጽፈው የትምህርት ቤት ጓደኛዬ መምህርት አዲስዓለም ናት። ቃሌን እንዳታሳምርልኝ፣ እንዳታለዝብልኝም ለምኛታለሁ።

ቆመው የሚሰሙኝ የንስሐ አባቴ ቄስ አገኘሁ፣ ጎረቤታችን እማሆይ አመተ ማርያም፣ የእናቴ ወንድም አቶ ካሳ ናቸው፤ ከጸሐፊዋ ጋር አራት ይሆናሉ። ለአራቱም የማወርሳቸው አንዳች የለም፤ ይህንን አስቀድሜ ነግሬያቸው እያወቁ መጥተዋል። ታላቅ ወንድሜ አስቻለው ምስክር ሳይሆን ባለ ጉዳይ ሆኖ በሩ አጠገብ ቆሟል። የአክስቴ ልጅ መሠረትም ባለ ጉዳይ ናት፤ ትራሴን ደግፋልኝ ተቀምጣለች።

በመጀመሪያ፣ በእጄ ያለቁትን ድሪቶዎች በሙሉ አባቴ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ያስተምሩበት በነበረው ጉባኤ ቤት ላሉት ተማሪዎች ሰጥቻለሁ። ሥራውንም የጀመርሁት ለእነሱ ነው። በልጅነቴ ተማሪዎቹ ከስማዳም ከእስቴም በእግራቸው ይመጡ ነበር። በዚህ በንፋስ መውጫ ብርድ፣ በሣር ጎጆ ውስጥ የሚለብሱት ከቡትቶ የተጣፈ ድሪቶ ነበር። እኔ ድሪቶን አላስቀረሁትም፤ አሳመርሁት። ከልብስ ሰፊ ቤት የሚወድቀውን ቁርጥራጭ በቀለም እየለየሁ ገጠምሁ፤ በመካከሉ ባዘቶ አነጠፍሁ፤ ከሥሩ ያረጀ ጋቢ ደረብሁ፤ ሦስቱን አንድ ላይ ወጋሁ። የማን እንደሆነ እንዳይጠፋም በጠርዙ የየተማሪውን የክርስትና ስም ጠለፍሁ። ኋላ የከተማው ሰው ለአልጋው ይገዛኝ ጀመር።

ቄስ አገኘሁ በዚህ ቦታ፣ "እኔ ቅኔ የቆጠርሁት በአባትሽ ጎጆ፣ ቁንጫ በሞላው ድሪቶ ነው፤ ያንቺን የመሰለ ደርሶኝ ቢሆን እንቅልፍ ጥሎኝ ደንቆሮ ሆኜ እቀር ነበር" አሉ። እንዲጻፍ ፈቅጃለሁ። በዚህ ሥራ አፍሬ አላውቅም። ያፈረ ሌላ ሰው ነው፤ ወደ እሱ እሄዳለሁ።

ሁለተኛ፣ መኪናው። አባቴ ለድርሻዬ የተወልኝ በሬ ነበረ። ሐኪሙ በእጅ መውጋቱን እንድቀንስ ሲያዝዘኝ፣ በሬው ይሸጥና የጥልፍ መኪና ይገዛልኝ አልሁ። በአገራችን በሬ መሸጥና መግዛት የወንድ ሥራ ነው። መኪናው በበሬ ስለተለወጠ ነው መሰለኝ፣ ያው ልማድ ወደ መኪናውም ተሻገረ። "አንቺ ቅሪ" ያለኝ የለም፤ ማንም ሳይናገር እኔ ቤት ቀረሁ፤ አስቻለውና አጎቴ ካሳ ወደ ባሕር ዳር ተነሡ። አንድ ነገር ብቻ አደራ አልሁ። ያለቀ ድሪቶ በኬሻ ጠቅልዬ ሰጠኋቸውና፣ "ከመርፌው ሥር አግቡት። ሦስቱንም ድርብ ከወጋ ግዙት፤ ካልወጋ ተዉት" አልሁ። ከዚህ የቀለለ አደራ አላውቅም።

መኪናው መጣ። አስቻለው ገና ከደጅ ሆኖ፣ "እታለም፣ ድሪቶሽን እንደ ውኃ ነው ያለፈበት" አለኝ። የላክሁት ድሪቶ የታለ ብዬ ብጠይቀው፣ ባለ ሱቁ ወዶት ለናሙና አስቀረው አለ። ደስ አለኝ። በባሕር ዳር ሱቅ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሰው ሲያየው ታሰበኝ።

ወዲያው ተክለን ሞከርነው። ጨርቁን የሚጫነው እግሩ ድሪቶ ለማስገባት አይነሣም፤ ጨምቄ ባስገባው መርፌው ተሰበረ። ጨርቅ የሚወጠርበት ቀለበት ከመዳፌ አይሰፋም። በውስጡ የያዘው ፊደል የፈረንጅ ብቻ ነው፤ "ኃይለ ጊዮርጊስ" ብሎ መጻፍ አይችልም፤ ጽጌረዳና ቢራቢሮ ግን ሞልቶታል። መብራት ሲሄድም፣ በእኛ ከተማ መብራት መሄድ እንግዳ ነገር አይደለምና፣ የጀመረውን ረስቶ ከመጀመሪያው ይነሣል። ለነጠላ ጠርዝና ለቀሚስ ግሩም መኪና ነው። መኪናውን አልሰድበውም። እሱ የተሠራበትን ያውቃል፤ ያላወቀው የመረጠው ነው።

ዓመት ቆይቶ አጎቴ ካሳ እውነቱን ነገሩኝ። ለምስክርነት የመረጥኋቸው ስለዚህ ነው፤ ዛሬም በሁሉ ፊት እንዲደግሙት ጠየቅኋቸው። እንዲህ አሉ፦

"ደብረ ታቦር መናኸሪያ ስንደርስ አስቻለው ኬሻውን ምግብ ቤት አስቀመጠው። 'አጎቴ፣ ድሪቶ ተሸክሜ ባሕር ዳር ሱቅ ብገባ ለማኝ ብለው ያስወጡኛል፤ ስንመለስ እንወስደዋለን' አለኝ። እኔም አፌን ያዝሁ። ሱቅ ገብተን ልጁ 'በምን ልሞክርላችሁ?' ሲል የኔን ነጠላ ከትከሻዬ አነሣና ሰጠው። አበባ ጠለፈበት። አበባው ደግሞ ያምራል፤ ምን ልበል።"

እማሆይ፣ "ያ ጫፉ ላይ ጽጌረዳ ያለበት ነጠላህ? እኔ እኮ ይህ ሰው በስተርጅናው ምን ነካው ስል ነው የከረምሁት" አሉ።

"ስንመለስስ ያሉትን ይንገሩ" አልኋቸው።

"ስንመለስማ የምግብ ቤቷ ሴት ባለቤት የለውም ብላ ለዘበኛው ሰጥታዋለች። ለብሶት ደጁ ላይ ተቀምጧል። አምጣ ልለው ፈለግሁና ሞቆት ሳየው ተውሁት።"

ከመኪናው ነገር ሁሉ የማልቆጭበት ዘበኛው ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ መኪናው በሳሎን ቆመ፤ እኔ በጓዳ በእጄ እወጋለሁ። እንግዳ ሲመጣ አስቻለው ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ፣ "የእህቴ ፋብሪካ ነው" ይላል። ባለፈው ዓመት የእጮኛው ዘመዶች ቤቱን ሊያዩ ሲመጡ ድሪቶዎቼን ሰብስቦ ከአልጋ ሥር ከተታቸው። የአንዱ ጫፍ ወጥቶ ታየ። አንዲት ሴት፣ "ይህ የማን ነው?" አለች። "የተከራይ ተማሪ ነው" አላት። ጓዳ ሆኜ ሰማሁት። የታየው ጫፍ ላይ የገጠምሁት ከአባታችን እጀ ጠባብ የቀረውን ጨርቅ ነበር። አስቻለው እጀ ጠባቡን ያውቀዋል።

ስለዚህ መኪናው እንዲሸጥ እናዘዛለሁ። ገዥ አለው። ልብስ ሰፊው ፈንታው ለሠርግ ወራት ለሙሽራ ቀሚስ ይፈልገዋል፤ እስከ ከተራ እጠብቃለሁ፣ ከዚያ ካለፈ ሌላ አስመጣለሁ ብሏል። ለእሱ ሥራ የሚስማማ መኪና ስለሆነ ማንንም አልሸነግልም።

በምትኩ የሚገዛው የመሠረት ነው። መሠረት ከስማዳ ለትምህርት መጥታ ከእኔ ጋር አድጋለች፤ ዛሬ ቀለም ከቀለም በመግጠም ትበልጠኛለች። መኪናውን የምትመርጠው እሷ ናት፤ አስቻለው አብሯት ይሂድ፣ ዋጋ ይከራከርላት፣ ዕቃውን ይጫንላት፤ በምርጫው ግን ቃል የለውም።

መሠረት፣ ስትመርጪ የሻጩን አፍ አትስሚ፤ ስክሪኑም አያታልልሽ። አስቀድመሽ እግሩን አንሥተሽ ድሪቶውን አስገቢ፤ ሳትታገዪ ካልገባ ወደሚቀጥለው እለፊ። ቀለበቱ ከስንዝር ካነሰ ስም አያሰፍርልሽም። የግዕዙን ፊደል በፍላሽ ይቀበል እንደሆነ ጠይቂ፤ ይቀበላል ቢሉሽ አትመኚ፤ ስምሽን አስጠልፈሽ እይ። ገና ግማሽ ላይ ሳለ ሶኬቱን ከግድግዳው ንቀይው። ባለ ሱቁ ይጮኻል፤ ይጩኽ። መልሰሽ ስትሰኪው ካቆመበት ከቀጠለ እሱ ነው። ባለ ብዙ መርፌውን ፋብሪካ ይግዛው፤ ቤቷ ተቀምጣ ለምትሠራ ሴት አንድ መርፌ ይበቃል። ሲበላሽ የሚጠግነው ሰው ሩቅ ከሆነ ግን፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላም፣ እሱም ለጌጥ መግባቱ ነውና ተይው።

አስቻለው በዚህ ቦታ አቋረጠኝ። "በሠርጌ ሰሞን ሳሎኑ ባዶ ይሁን? መኪናው እኮ ለቤቱ ማዕረግ ነው" አለ።

"ወንበር አስቀምጥበት" አልሁት።

"እታለም፣ ክፉ ሆነሻል።"

"ሆኛለሁ።"

እማሆይ፣ "ተቀመጥ አንተ። ገና ሙሽራ ሳትሆን ቆመህ ደከምህ" አሉት። አልተቀመጠም። ይህም እንዲጻፍ አዝዣለሁ።

ሦስተኛ፣ ከአባታችን ቤት የሚደርሰኝን ድርሻ ለአስቻለው ሰጥቻለሁ። ከውርስ ልነቅለው እችል ነበር፤ አዲስዓለም ሕጉን አንብባልኛለች። አላደረግሁትም። ሕመሜ ጸንቶ ከትምህርት ስቀር በየሳምንቱ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሰ ያመጣልኝ የነበረው እሱ ነው፤ የመረጣቸው መጻሕፍትም ጥሩ ነበሩ። በዚያን ጊዜ ምን እንደምወድ ይጠይቀኝ ነበር። ቤቱን የሰጠሁት ለዚያ ወንድሜ ነው፤ በሩ ላይ የቆመው ይውሰደውና ለዚያኛው ያድርስልኝ። ነገር ግን የጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል፣ መሠረት በራሷ ፈቃድ እስክትወጣ ድረስ፣ የሥራዋ ቦታ ይሁን። ጓዳ አትግባ።

ለምትመጣው ሙሽራ ለሊድያ ጥላቻ የለኝም። አንድ ድሪቶ ጀምሬላት ነበር፤ መሠረት ትጨርሰው። የክርስትና ስሟን አስቻለው ስላልነገረኝ ጠርዙ ባዶ ነው።

የአባቴን ዳዊት ለአስቻለው ሰጥቻለሁ፤ ይድገምበት እንጂ እንግዳ እንዲያየው አይደርድረው። ሌሎች መጻሕፍቴ ለተማርሁበት ትምህርት ቤት ይሰጡ። በመስታወት ካቢኔ እንዳይቆለፍባቸው፤ የተቀደደ መጽሐፍ ከተቆለፈ መጽሐፍ ይሻላል። ለተዝካሬ ድንኳን አይተከል፤ የጉባኤ ቤቱ ተማሪዎች ጸበል ጻዲቅ ከቀመሱ ይበቃኛል። በሕይወት ሳለሁ ከጓዳ ያላወጣኝ ወንድሜ፣ ስሞት ድንኳን ተክሎ እንዲታይብኝ አልፈልግም።

ይህ ኑዛዜ በአዲስዓለም እጅ ተጽፎ፣ እኔና ምስክሮቹ በአንድነት ባለንበት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተነቦልናል። ያልሁት ሁሉ እንዳለ ነው፤ ያላልሁት አልገባበትም።

ተናዛዥ፦ ቤተልሔም ቀለመ ወርቅ (ወለተ ሚካኤል)፣ ፈርማለች።

ምስክሮች፦ ቄስ አገኘሁ፣ ፈርመዋል። እማሆይ አመተ ማርያም፣ በጣት አሻራ። አቶ ካሳ፣ ፈርመዋል። መምህርት አዲስዓለም፣ ጸሐፊም ምስክርም ሆና ፈርማለች።

ሁሉም ከፈረሙ በኋላ አስቻለው፣ "እሺ፣ መሠረትን ይዣት እሄዳለሁ። ድሪቶውንም በኬሻ አድርጌ እወስደዋለሁ" ስላለ የሚከተለው ተጨምሯል፤ ይህም ተነቦ ሁሉም ዳግም ፈርመውበታል።

ወንድሜ አስቻለው፣ ኑዛዜ የሚጸናው ከሞት በኋላ እንደሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ ይህን እንደ ኑዛዜ አትቁጠረው፤ በሕይወት ያለች እህትህ የምትለምንህ ልመና ነው። በኬሻ አይሁን። አጣጥፈህ በትከሻህ ያዘው፤ ከመናኸሪያ እስከ ሱቅ ሰው እያየው ሂድ። "በምን ልሞክርላችሁ?" ሲሉህ፣ "በእህቴ ሥራ" ብለህ ዘርጋው። መርፌው ሦስቱን ድርብ ሲወጋ መሠረት ትደውልልኝና ድምፁን በስልክ ልስማ። ይህን እስከ ከተራ፣ እስከ ጥር 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ አድርግልኝ።