እትዬ አትንኩት፦ ከዕንቁና ከአቧራው ጋር የኖሩ እናት

ሁላችንም «እትዬ አትንኩት» እያልን የምንጠራቸው ውድ አክስቴ ከዕንቁ ድንጋይ ቀራጭ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ያደጉባት ቤት ከአባታቸው መሥሪያ ክፍል በአንዲት ስስ ግድግዳ ብቻ የተለየች ነበረች። መቁረጫ ማሽኑ ሲዞር የሚነሣው ነጭ አቧራ በስንጥቁ እየገባ አልጋው ላይ ስለሚያርፍ፣ እናታቸው ማለዳ ማለዳ አንሶላ ሳያራግፉ ሌላ ሥራ አይጀምሩም ነበር። አክስቴ ሰባተኛ ክፍል ሳሉ አባታቸው ሲስሉ ከርመው አረፉ። ሰፈሩም ቤተሰቡም ብርድ ነው ብሎ ቀበራቸው።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በ1965 ዓ.ም. እንዳጠናቀቁ በአንድ ጌጣጌጥ ቤት ጌጦችን ለማጽዳትና ለመጠገን ተቀጠሩ። የቤቱ አንጥረኛ፣ ቁጡ ግን ደግ አዛውንት፣ የዕንቁን ጠባይ ከሀ ጀምረው አስተማሯቸው። አረንጓዴው ዕንቁ ኤመራልድ በውስጡ ስንጥቅ ስለማያጣ በሙቅ ውሃ እንደማይታጠብ፣ ኦፓል ሙቀት ሲያገኘው እንደሚሰነጠቅ፣ ሉል ሽቶ እንደማይወድ፣ አልማዝ ከሌሎች ጋር በአንድ ሣጥን ከተቀመጠ ጎረቤቶቹን ሁሉ እንደሚጭር ያወቁት ከእርሳቸው ነው። ለብ ያለ ውሃ፣ ጥቂት ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ከእጃቸው አይጠፋም ነበር። ደንበኛ ቅባት በነካው ጣቱ ድንጋዩን ሊያሳያቸው እጁን ሲሰድ «አትንኩት» ይሉት ስለነበር ስማቸው በዚያው ቀረ። በሠርጋቸው ዕለት ቀለበት ላጠለቁላቸው ሙሽራም ይህችኑ ቃል ሳይሏቸው አልቀሩም ይባላል።

ሙሽራው ድንጋይ ቀራጭ ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. ከተጋቡ በኋላ አክስቴ ቅጥራቸውን ትተው በባለቤታቸው ወርክሾፕ ድንጋይ መምረጥና ማለስለስ ያዙ። ሴት ልጅና ወንድ ልጅ ወለዱ። ቤቱ ሙሉ፣ ሥራውም ደርጅቶ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያች የቀራጮች መንገድ ላይ አንድ ነገር እየተለመደ ሄደ። የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም ሳል ጀመራቸው፤ ከስተው ከስተው ሄዱ። ቀጥሎ ፊት ለፊት ያለው ጎረቤት። ስለ አንደኛው ብርድ ነው፣ ስለ ሌላው ሲጋራ ነው ተባለ፤ ሟቹ ግን ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። ሰው ለቅሶ ደርሶ ይመለስና ማሽኑን ያስነሣል።

በ1993 ዓ.ም. ያ ሳል ወደ እርሳቸው ቤት ገባ። ባለቤታቸውን የመረመሩት ሐኪም ሥራቸውን ጠየቋቸው፤ የደረታቸውን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅለውም መረመሩት። በመጨረሻ ለአክስቴ «ሳንባቸው ውስጥ ያለው ድንጋይ ነው። የገባው አይወጣም፤ ሌላ እንዳይገባ ብቻ ነው ማድረግ የሚቻለው» አሏቸው። አክስቴ ቤት ሲደርሱ ለታናሽ እህታቸው፣ ለእናቴ፣ «አባባን የገደለው ብርድ አልነበረም» አሏት።

ያን ጊዜ ልጃቸው በአባቱ ወንበር ተቀምጦ መሥራት ጀምሯል። እንዲተወው ለመኑት፤ አባቱ ሠርቶ ያሳደገው በዚሁ አይደለም እንዴ ብሎ እምቢ አላቸው። ሥራውን ማስጣል ባይችሉ አቧራው እንዳይነሣ ድንጋዩ እየረጠበ እንዲቆረጥ ከማሽኑ በላይ የውሃ ቧንቧ አስገጠሙ። ከዚያም መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይህንኑ እየመከሩ ቤት ለቤት ዞሩ። አንዳንዱ ሰማቸው። አንዳንዱ ድንጋይ ሲረጥብ መልኩ አይታይም ብሎ ሳቀ። ሟርተኛ ብሎ በር የዘጋባቸውም አለ። ባለቤታቸውን ከቀበሩ በኋላም መዞሩን አልተዉም።

ልጃቸው ሥራ ሲበዛበት ቧንቧውን ይዘጋል። ደረቅ ድንጋይ ሲቆረጥ ድምፁ ስለሚለይ፣ አክስቴ ወጥ ቤት ሆነው ይሰሙታል። እጃቸውን ሳያደርቁ ወጥተው ውሃውን ይከፍቱና ወደ ወጥ ቤታቸው ይመለሳሉ። እርሳቸው ገበያ የወጡ ጊዜ ማን እንደሚከፍተው አላውቅም።

ከልጅነታቸው ጀምሮ የተነፈሱት አቧራ እርሳቸውንም አልማራቸውም። ሁለት ትራስ ተደግፈው፣ በኋላም ቁጭ ብለው ማደር ጀመሩ። ሐኪሙ የደረታቸውን ፎቶ ሊያሳዩዋቸው ሲያነሡ፣ እርሳቸው «አውቀዋለሁ» ብለው መልሰው እንዲያስቀምጡት አደረጉ። ሊያርፉ ሲሉ ልጃቸውን አስጠርተው በትንሿ ትንፋሻቸው «ልጄ፣ እኔን መቅበርህ ወግ ነው። እኔ ግን አንተን ቶሎ አልጠብቅም፤ ቆይተህ ና» አሉት። እርሱ እጃቸውን ስሞ አለቀሰ እንጂ ቃል አልሰጣቸውም።

እትዬ አትንኩት ኅዳር 9 ቀን 2015 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ከኋላቸው ሴት ልጃቸው፣ ወንድ ልጃቸው፣ ታናሽ እህታቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ቀርተዋል። በመንገዳችን ያሉ ማሽኖች ለክብራቸው ሲባል ዛሬ ቆመዋል፤ ነገ ጠዋት ይነሣሉ። ወንድ ልጃቸው ከክረምቱ ወዲህ ስለሚያስለው ተመርምሮ የፎቶውን ውጤት እየጠበቀ ነው።

ፈጣሪ የአክስቴን ነፍስ ንጹሕ አየር በሚነፍስበት ስፍራ ያሳርፍልን። ለምንወደው ልጃቸውና እዚህ ቆማችሁ ሳላችሁን ለምታፍኑ ወንድሞቻችን ሁሉ ትንፋሽ ይስጥልን።