ከጀማል ፊት ወደ ኋላ

ሰኞ

አደፈረስኩት። እኔው ራሴ።

ጀማልን አይቼው ነበር። ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የወጣበት ጉድጓድ በክረምት ውሃ ይሞላል፤ ትናንት ሊዋኝ ገብቶ ቀረ። ከሚሴ ውስጥ አየር ተሸክመን የምንጠልቀው ሁለት ነን፤ ጅቡቲ ወደብ ጠላቂ የነበረው ጓደኛዬ ሰዒድና ከእሱ የተማርኩት እኔ ጋዜጠኛው። ቀድሜ ገባሁ። ታች የወደቀ ግራር አለ፤ ሸሚዙ ቅርንጫፉ ላይ ተይዟል። ብቅ ብዬ «አገኘሁት!» ብዬ ጮህኩ። ምን አስጮኸኝ? ዳር የቆመው ሰው «አላሁ አክበር» አለ፤ የቅሬው፣ የእድራችን ሰዎች መቃብር ሊቆፍሩ ሄዱ።

ተመልሼ ገባሁ፤ ሰዒድ ተከትሎኝ ወረደ። ቦታ ልለቅለት ወደ ኋላ መሸሽ ነበረብኝ፤ አልችልበትም። ዞርኩ። መቅዘፊያ ጫማዬ ጭቃውን መታው፤ ከዚያ በኋላ የገዛ እጄንም አላየሁ። ሰዒድ በዳበሳ ፈልጎ አጣው። አየራችን ሲያልቅ ወጣን።

አባቱ አባ ጀማል ከትናንት ጀምሮ ከዳሩ አልተነሱም። «ምነው ልጄ?» አሉኝ።

«የሌሊቱ ዝናብ አደፍርሶታል» አልኳቸው።

ሰዒድ አየኝ።

ማክሰኞ

ጭቃው እስኪረጋ ዛሬን መጠበቅ ግድ ነው። መቃብሩ ክፍቱን አደረ። ብቻውን አይተውም፤ የቅሬው ሰዎች ሸራ አልብሰውት በየተራ አጠገቡ ይቀመጣሉ። መንገዴ በዚያ ነው፤ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። አንዱ «አንተ ዓሣው! ሰላምታም የለ?» አለኝ፤ ሳቁ። ሳቃቸው ክፋት አልነበረውም። እሱ ነው የባሰብኝ።

ከሰዓት ሰዒድ ወደ ፍልውሃው ገንዳ ወሰደኝ። ሊታጠቡ የመጡ ሽማግሌዎች ዳር ተደርድረው ያዩናል።

«እግርህን ዘርጋ። የእግርህን ጣቶች ወደ ውጭ አዙር። አሁን ውሃውን በጫማው ጎን አቅፈህ ወደ ዳሌህ ሳብ። እጅህን ተወው!»

ሳብኩ፤ ባለሁበት ሰጠምኩ። ደግሜ ሳብኩ፤ ወደ ፊት ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ «ዱበቲ! ወደ ኋላ ነው የተባልከው!» ይላሉ።

«ሸሁ ፊት ቀርበህ ስትወጣ ጀርባህን ትሰጣለህ?» አለኝ ሰዒድ።

«አልሰጥም።»

«እንዴት ትወጣለህ ታዲያ?»

«ፊቴን ወደ እሳቸው አድርጌ፣ ቀስ ብዬ።»

«በል እንደዚያው ውጣ። አሁን በእግርህ እርሻ ነው የያዝከው።»

ሊመሽ ሲል ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሄድኩ። በእውነት ሄድኩ! ወዲያው ጉልበቴ ታጠፈና እግሬ ወለሉን ነካ።

ልብስ ስንለብስ «ዝናቡን ከየት አመጣኸው?» አለኝ። ጫማዬን ማሰር ያዝኩ። «እኔ አልነግራቸውም» አለ፤ «የራስህ ጉዳይ ነው።»

ረቡዕ

ውሃው ጠርቷል። ግራሩ ያለበትን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ መሪው እኔ ነኝ። ሰዒድ ብቻውን ቢገባ ደስ ይለኝ ነበር። ፈራሁ፤ ጭቃውን፣ እግሬን፣ ዳር የተቀመጡትን አባት።

ወረድን። ጀማል እዚያው ነው። ጭቃው ከሆዴ ሥር ተኝቷል። ቀና ብሎ የሚያየኝ መሰለኝ፤ ጀርባዬን ልሰጠው አልቻልኩም። እግሬን ዘረጋሁ፤ ጣቶቼን ወደ ውጭ አዞርኩ፤ ሳብኩ። ትንሽ ሄድኩ። ደግሜ ሳብኩ። ጭቃው አልተነሳም። ሰዒድ በለቀቅኩለት ቦታ ገብቶ ሸሚዙን ቆረጠ፤ ጀማልን ይዘን ወጣን።

ታጠበ፤ ተከፈነ፤ ተሰገደበት፤ ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሶላት በፊት ተቀበረ። አባ ጀማል ሕዝቡ መሀል እጄን ያዙ። «አላህ ጀዛህን ይክፈልህ። ልጄን አወጣህልኝ።» እጄን ልነጥቃቸው አልችል፤ አፈር አፈሩን እያየሁ ቆምኩ።

ሐሙስ

ለቅሶ ቤት ሄድኩ። ሌላ ጊዜ ብነግራቸው ይሻላል እያልኩ በራፉን አልፌ እስከ አስፋልቱ ደረስኩ፤ ተመለስኩ። አባ ጀማል ድንኳኑ ጥግ ሰሌን ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው በርከክ አልኩ።

«አባ፣ ሰኞ ውሃውን ያደፈረስኩት እኔ ነኝ። ዝናብ አይደለም። መቃብሩንም ያለጊዜው ያስቆፈርኩት፣ ጀናዛውንም ያዘገየሁት እኔው ነኝ። አፉ ይበሉኝ፣ ይቅር ይበሉኝ።»

ሰሌኑን በመዳፋቸው ጠረጉ።

«ሌሊት መች ዘነበ?» አሉ። «እዚያው ዳር አልነበርኩም እንዴ ያደርኩት?»

ፊቴን የት ላድርገው!

«ስትነግረኝ ከንፈርህ ይንቀጠቀጥ ነበር። ብርዱ ነው ብዬ ተውኩህ» አሉና ወደ ጎን ሸሸት ብለው ሰሌኑ ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። «ና፣ ቁጭ በል። ዱአው ሊጀመር ነው።»

አፉ ብለውኛል? እሱን አላሉም። እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። ተቀመጥኩ።