ባሕሩ ሲረጋ ስለሚዘጋው የዓሣ ወቅት

ለክቡር የባሕረ ሰላጤው የመዝናኛ ዓሣ ማስገር ቦርድ ሰብሳቢ
ሉዊዚያና

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? የስብሰባ አዳራሽዎ ቅዝቃዜ ጉንፋን እንዳያሲዝዎ እኛ የባሕር ዳር ነዋሪዎች ዘወትር እንጸልያለን።

እኔ ክሎቲል ቨርዲን እባላለሁ፤ ሳንባው የደከመውን የሰማንያ አራት ዓመት አዛውንት አባቴን ኦልሴን አስታምማለሁ። ለአባቴ የቀረው ምኞት ስናፐር የምንለውን ቀይ ዓሣ በገዛ እጁ አውጥቶ፣ በቲማቲም ወጥ ሠርቶ መብላት ነው። ከገበያ ገዝቼ ባቀርብለት ሳህኑን ገፍቶ፣ «የማላውቀውን ዓሣ አልበላም!» አለኝ። ስለዚህ ጉዳያችን እርስዎ እጅ ላይ ወድቋል።

አንደኛ፣ የቀዩን ዓሣ ወቅት ከዓርብ እስከ እሑድ ብቻ ስለሚከፍቱልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። ነፋሱም ደንብዎን አክብሮ ዓርብ ማለዳ ይነሣል፣ ሰኞ ይተኛል። ሐኪሙ አባቴን ማዕበል ባለበት ቀን እንዳላወጣው ከልክሎኛል፤ እርስዎ ደግሞ ማዕበል በሌለበት ቀን ከልክለውኛል። በሁለታችሁ መካከል እኔና አባቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠን ባሕሩን እናያለን። አንዳንድ ቀን ማልቀስ ያምረኛል።

ሁለተኛ፣ አንድ ማክሰኞ ለሌላ፣ ለተፈቀደ ዓሣ ወጥተን ሳለ፣ ደንብዎን ያላነበበ ትልቅ ቀይ ዓሣ የአባቴን መንጠቆ ዋጠ። ከጥልቅ ውሃ በመውጣቱ ሆድ ዕቃው በአፉ ወጥቶ ነበር። ደብቀነው እንሂድ ስለው አባቴ ገላመጠኝና፣ «ሌባ አድርገሽ ልትቀብሪኝ ነው?» አለኝ። እንደ ደንቡ፣ እንዲተርፍ ክብደት አስረን ወደ ጥልቁ ልንመልሰው ስንል፣ ጀልባችንን ሲከተል የዋለ ዶልፊን ነጥቆን በላው። አባቴ ትንፋሹን እየሰበሰበ፣ «ክሎ፣ እስቲ ጠይቂልኝ፣ ለሱ በቀን ስንት ዓሣ ነው የተፈቀደለት?» አለ። ጥያቄውን ያለ ጭማሪ አቅርቤአለሁ።

ሦስተኛ፣ ይህንኑ በአካል ላስረዳ ወደ ስብሰባዎ መጥቼ፣ የአባቴን ስም ጠርቼ ሳልጨርስ የመናገሪያ ሰዓቴ ማለቁን የሚያበስረው ደወል ጮኸ። ጸሐፊዎ «እመቤት፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ይሞክሩ» ብለው በፈገግታ ሸኙኝ። ስለ ፈገግታው እጅግ አመሰግናለሁ።

የቦርድዎ ዘመን እንደ ስብሰባዎቹ የረዘመ ይሁን እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በበረንዳዋ ላይ ታስራ የምትገኘው
ክሎቲል ቨርዲን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ሳልልከው ማስታወቂያዎን ሰማሁ፤ የፊታችን ዓርብ ወቅቱ ይከፈታል፣ ባሕሩም ይረጋል ተብሏል። አባቴ ከወዲሁ መንጠቆውን አስሮ ተቀምጧል። ትናንት ሐኪሙ፣ እስካሁን በሕይወት ምን እንዳቆየው ግራ ቢገባው፣ አባቴ ራሱ፣ «ዓሣዬን ሳልበላ የትም አልሄድም! ከበላሁ ወዲያ ግን አትያዙኝ» ብሎ መለሰለት። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ይክፈቱልን እያልኩ ስለ ጨቀጨቅኩዎ ይቅርታዎን እለምናለሁ፤ ይህን አንድ ዓርብ እንኳ፣ በተለመደው ቸርነትዎ፣ ይዝጉብን።