እንግዳ ናቸው ብዬ ፈረምኩ

ጋዝጊብላ፣ ጥቅምት 9 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? ጨጓራህ ተሻለህ ወይስ አሁንም ምግብ ያስመርጥሃል? ስልኬን ስለማታነሳ ጤናህን በወረቀት ልጠይቅህ ብዬ ነው። እኛ አለን። ዝናቡ ዘንድሮ አልበደለንም፤ ገብሱ ደህና ይዟል። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ እንደ ሁልጊዜዋ ናት። ደብዳቤውን ለሚኒባሱ ሹፌር ለትእዛዙ ሰጥቼዋለሁ፤ በእጅህ ካልተቀበልከው ወደ እኔ እንዲመልሰው አደራ ብዬዋለሁ። አልደረሰኝም እንዳትል ነው።

የአባታችን ቤት በስምሽ ይሁን ያልከኝ ቀን እግርህ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ለጎረቤቱ ሁሉ አወራሁ። አክስታችን ታይቱ ብቻ፣ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ድርሻውን በነፃ አይለቅም አለችኝ። ተቆጥቻት ሁለት ሳምንት አላናገርኳትም። ዛሬ መንገድ ላይ ስንገናኝ አንገቴን የምደፋው እኔ ነኝ።

ከዚያ እነዚያን የጽሞና ሰዎችህን መላክ ጀመርክ። አሥርም አሥራ ሁለትም ሆነው ይመጣሉ፤ ስልካቸውን በሰፌድ ሰብስቤ እቆልፍባቸዋለሁ፤ አምስት ቀን ላለመናገር ቃል ገብተው ተራራ ሲያዩ ይውላሉ። እማዬ መጀመሪያ ሐዘን የደረሰባቸው መስሏት በቋንቋችን በኽምጥኛ እግዜር ያጥናችሁ እያለች በየተራ ስታጽናናቸው፣ እነሱም የምትለው ሳይገባቸው ራሳቸውን ይነቀንቁላት ነበር። በስልክ ስነግርህ አንተም ስቀህ ነበር። ያኔ አብረን እንስቅ ነበር።

የውጪው የድንጋይ ደረጃ መደገፊያ የለውም፣ አናጺ ላምጣ ብዬህ ነበር። ተይው፣ እንዳለ ነው የሚወዱት አልከኝ። ሰው ቢወድቅስ ብልህ፣ ኢንሹራንስ ገብተንለታል ብለህ ወረቀቱን በስልክ ላክህልኝ። ማኅተሙን አየሁ። ማኅተም ካለው ሌላ ምን አነባለሁ? ሰቆጣ ሄጄ አሳትሜ፣ እነሱ የሚያድሩበት ክፍል ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አናት ላይ በትልቁ «የመኖሪያ ቤት» ይላል። በየቀኑ አየዋለሁ፤ መኖሪያ ቤት መሆኑን ማን ይክዳል ብዬ አልፈዋለሁ።

እትዬ ጸሐይነሽ ከባሕር ዳር የመጡት ጡረተኛ መምህርት ናቸው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሊታጠቡ ሲወርዱ ከዚያ ደረጃ ላይ ወደቁ። እኔ ወፍጮ ቤት ነበርኩ፤ ጓደኞቻቸውም ተራራ ወጥተዋል። እማዬ በረት ልትጠርግ ስትወጣ ነው መሬት ላይ ተዘርግተው ያገኘቻቸው። ዳሌያቸው ተሰብሮ አልጮሁም። በኋላ ለምን አልተጣሩም ብላቸው፣ ዝም እላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ የለም ወይ አሉኝ። በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ ተሸክመን ሰቆጣ አደረስናቸው፤ ከዚያም ወደ ደሴ ተላኩ። እስካሁን ያለ ምርኩዝ አይራመዱም። አሁን ደረጃው መደገፊያ ተሠርቶለታል፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

የመድን ድርጅቱ መርማሪ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው ደወልክልኝ። ያልከኝን ቃል በቃል ልጻፍልህ፣ ረስተኸው እንደሆነ። «ምንሽ ናቸው ካለሽ እንግዳ ናቸው በይው። ደንበኛ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ውሸት መስሎሽ አትፍሪ፤ አንቺ ራስሽ እንግዳ አይደል የምትያቸው?»

እውነትህን ነው፣ እንግዳ ነው የምላቸው። እቤቴ አድሮ ከእጄ የጎረሰ ሰው ደንበኛ ሲባል ያሳፍረኛል፤ ደንበኛ ያለው ሱቅ ነው። ይህን ነውሬን ታውቀዋለህ፣ አብረን ያደግንበት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ቃሉን እንዲህ መርጦ አያጎርሰኝም ነበር።

መርማሪው ወንዳወቅ የተባለ ጨዋ ሰው ነው። ሦስት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እንግዳ ናቸው ወይስ ከፍለው ያደሩ? ሦስቱንም ጊዜ እንግዳ ናቸው አልኩት። ጽፎ አስፈረመኝ። ከወር በኋላ የእትዬ ጸሐይነሽ ልጆች የተከፈለበትን ደረሰኝ ይዘው መጡ። የገባው በእኔ ስም በከፈትከው፣ ካርዱ ግን አንተ ኪስ በሚኖረው ሂሳብ ነው። ድርጅቱም ይህ ውል ለመኖሪያ ቤት ነው፣ ሰው ሰብስቦ ለሚያሳድር አይደለም፣ በዚያ ላይ ሴትየዋ ሐሰት ተናግራለች ብሎ እጁን አወጣ።

ወንዳወቅ አዝኖልኝ ኖሮ መጠይቁን አሳየኝ። ቡድን የሚያስተናግድ ቤት ውሉ ሌላ ነው አለኝ፤ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ደረጃው ምን እንደሚመስል፣ ሐኪም ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ ሳይቀር አስቀድሞ ይጠየቃል። እኛም ተጠይቀናል ለካ። «በቤቱ ውስጥ በክፍያ የሚስተናገድ ሰው አለ?» ይላል። «የለም» ተብሎ ተሞልቷል። ከዚህ መጠይቅ አንተ ፈርሚ ብለህ የላክህልኝ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነበር፤ መፈረሚያውን።

ልጆቻቸው ከሰሱኝ። አልፈርድባቸውም፤ እናታቸው ናቸው። ቤቱ ላይ እግድ ወጥቷል፤ ከተፈረደብኝ ተሸጦ ለሕክምናው ይውላል። ከአንተ የመጣውን መልስ ደግሞ ችሎት ላይ አነበቡልኝ፦ «እህቴ በራሷ የምትሠራው ሥራ ነው፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም።» የማላውቃት ሴት ናት ብትል ይሻለኝ ነበር። እህቴ ማለትህ ነው ያንገበገበኝ።

መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ሽማግሌ ይዘው መጥተው፣ እንግዳ ናቸው በይ ያለሽ ሰው ካለ ተናገሪ፣ ቤቱ ይተርፋል ብለው ለመኑኝ። ማንም የለም አልኳቸው። ወንድሜን ከማሳጣ ቤቱ ይሂድ ብዬ ቆርጬ ነበር። ቆርጬ ስል፣ እማዬን በሰባ ሁለት ዓመቷ የማን ጓዳ እንደማስገባት ሳላስብ ነው። ይህን ለአንተ ውለታ ብዬ አልቆጥረውም። ሞኝነት ነው፤ እሱንም ከአንተ ጋር ሳድግ የለመድኩት ነው።

አንድ ያላወቅኸው ነገር አለ። ስልኬ ሰኔ ላይ ውኃ ከገባበት ወዲህ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ካላሰማሁ እኔም አልሰማም። የዚያን ቀን ስትደውል እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ ምስር ትለቅም ነበር። አማርኛ አይገባትም ትላለህ። አርባ ዓመት ሰቆጣ ገበያ የዋለች ሴት እንዴት አይገባትም? መናገሩን ስለማትወደው ነው። ያን ቀን ምስሯን ጨርሳ ተነሣች። እኔም የሰማች አልመሰለኝም።

ትናንት የክት ነጠላዋን ለብሳ፣ ይዘሽኝ ሂጂ አለችኝና ሰቆጣ ፍርድ ቤት ወረድን። መዝገብ ክፍል ገብታ ምስክር ሆና ተመዘገበች። ጸሐፊዋ እማማ አማርኛ ይችላሉ ወይ ብትላት፣ በአማርኛ እችላለሁ አለቻት፤ ነገር ግን አስተርጓሚ ይምጣልኝ አለች። ወጥተን ለምን እንዲህ አልሽ ብላት መንገዱን እያየች መለሰችልኝ። «ልጄ ላይ የምመሰክረውን ቃል በተውሶ ቋንቋ አልናገርም።»

ችሎቱ ሰኞ ነው። የምትመጣ ከሆነ እሑድ ግባ። እማዬ አልጋህን ዛሬ ጠዋት አንጥፋልሃለች፤ ከላይ ይበርደዋል ብላ ከታች፣ ከእሷ ክፍል አጠገብ። ሽሮም ቅመሙን ቀንሳ ለብቻህ አዘጋጅታለች፣ ለጨጓራህ።

እግዚአብሔር ጤናህን ይመልስልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። በወጣህበት በሰላም ይመልስህ፤ ክፉ አይንካህ። ይህን ምርቃት እማዬ ናት ያስጻፈችኝ። እኔ የራሴን ገና አላገኘሁትም።

ታናሽ እህትህ