ከጀልባው የቀሩን አርባ አንድ ገጾች

ለተከበሩ የሰፈራችን የንባብና የባህል ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ይህች ደብዳቤ ስትደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የረጋ፣ በምረቃው ዕለት ከንግግርዎ ርዝመት የተነሣ ደርቆ የነበረው ጉሮሮዎም ወደ ቀድሞ ልስላሴው የተመለሰ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከቤተ መጻሕፍቱ ሦስት በር ወረድ ብዬ የምኖር፣ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዓመት መቁጠር የተውኩ፣ የልጅ ልጆቼ «አያታችን ምላሱ ብቻ አላረጀም» እያሉ የሚያሙኝ ሽማግሌ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች ከአፌ የሚያመልጥ ነገር ቢኖር ለሽበቴ ሲሉ ያሳልፉልኝ፤ ማሳለፍ ካቃተዎት ደግሞ ቤቴን ያውቁታል።

ልጽፍልዎ የተገደድኩት፣ ስለታደሰው ቤተ መጻሕፍታችን የነዋሪውን አስተያየት ለመሰብሰብ ብለው ያስበተኑት ቅጽ ስላልበቃኝ ነው። ቅጹ ላይ «እጅግ ረክቻለሁ»፣ «ረክቻለሁ» እና «በመጠኑ ረክቻለሁ» የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። አራተኛ ሳጥን ፍለጋ ወረቀቱን ገልብጬ ባየው የማተሚያ ቤቱን ስልክ ቁጥር ብቻ አገኘሁ። ለ«ተጨማሪ ሐሳብ» የተተወችው መስመርም ስሜን ከነአባቴ አታስጽፍም። ባለፈው ሳምንት ግን ነዋሪው መቶ በመቶ መርካቱን በግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሳነብ የቅጹ ጥበብ ገባኝ፤ በተማሪነቴ እንዲህ ያለ ፈተና ቀርቦልኝ ቢሆን ኖሮ አንድም ክፍል ባልደገምኩ ነበር።

ሐሜተኛ እንዳልባል ምስጋናውን ላስቀድም። ጣሪያው ከእንግዲህ አያፈስም። ድሮ ዝናብ ሲመጣ ከመደርደሪያው ሥር ባልዲ እየደቀንን፣ ጠብታውን እንደ ሰዓት እየሰማን ነበር የምናነበው። መብራቱም ፏ ብሏል፤ መጸዳጃ ቤቱ ውኃ አለው፤ ወለሉ ከመጥራቱ የተነሣ መነጽሬን ሳላደርግ ፊቴን አይበታለሁ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያው ቀን ገብታ ነጩን ግድግዳ ስታይ ሆስፒታል መስሏት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የታመመው ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መጻሕፍቱ መሆናቸውን ነገርኳት። ቀልዴ መስሏት ሳቀች፤ እኔም ያን ጊዜ ቀልዴ መስሎኝ ነበር።

አሁን ቅሬታዎቼን በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልቀረበ ነገር በጽሕፈት ቤትዎ እንደማይነበብ ሰምቻለሁና።

አንደኛ፣ ወንበሮቹን ይመለከታል። ቀጫጭን እግር ያላቸው፣ መደገፊያ የሌላቸው፣ ቁመታቸው ወገብ የሚደርስ አዳዲስ ወንበሮች ለዓይን ማማራቸውን እመሰክራለሁ። እኛ ሽማግሎች ግን ስንወጣባቸው እግራችን መሬት ስለማይነካ፣ ቆጥ ላይ እንደ ሰፈረ ዶሮ ተደርድረን፣ መንገደኛው በመስታወቱ ሲያየን ነው የምንውለው። ጡረተኛው መካኒክ ባለፈው ማክሰኞ አንዱ ላይ ወጥቶ መውረድ ስላቃተው፣ የሚያወርደው ሰው እስኪመጣ ጋዜጣውን ሁለት ጊዜ ለማንበብ ተገዷል። የንባብ ባህል የሚዳብረው በዚህ ዘዴ ከሆነ እንኳን ደስ ያለዎት።

ሁለተኛ፣ የመጻሕፍቱን አደራደር ይመለከታል። ድሮ ታሪክ ከታሪክ፣ ሕክምና ከሕክምና ጋር ይቀመጥ ነበር፤ አሁን ቀይ ከቀይ፣ ሰማያዊ ከሰማያዊ ጋር ሆኗል። ለምረቃው የተነሡት ፎቶግራፍ ከጀርባዎ ቀስተ ደመና የተዘረጋ አስመስሎልዎታል፤ አምሮብዎታል፣ አልዋሽም። ነገር ግን የወንጀል ሕጉ ቀይ ሆኖ ስለተገኘ ከሕፃናት ተረት ጋር፣ የንብ እርባታውም ቢጫ በመሆኑ ከሰዋስው ጋር ተጎራብተዋል። አዲሷን ሠራተኛ ስለ ስኳር በሽታ የሚያስረዳውን መጽሐፍ ብጠይቃት፣ ትሑት ልጅ ናት፣ «አባባ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት ነበር?» አለችኝ። ጥፋቱ የእሷ አይደለም፤ የደረደረችው እንዳዘዟት ነው። የበሽታውን ቀለም ሐኪሜን ጠይቄ እንደምመለስ ነግሬያት ወጣሁ።

ሦስተኛ፣ ጸጥታን ይመለከታል። «ጸጥታ» የሚሉ ሰሌዳዎች በየግድግዳው ተሰቅለዋል፤ የማነበው ሌላ ነገር ስላጣሁ ቆጠርኳቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ የተሰለፉት በመስኮቱ ሥር፣ አሮጌዋ ጠረጴዛችን በነበረችበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚያች ጠረጴዛ ማንም አልነገረዎትም ይሆናልና፣ ጊዜዎን ብሻማም ጥቂት ላጫውትዎ።

በሰፈራችን «ጠራዡ» እያልን የምንጠራው ሰው አለ። አርባ ዓመት ሙሉ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ በወስፌና ሰም በተቀባ ክር፣ አንባቢ የበጣጠሳቸውን መጻሕፍት እየሰፋ ሲጠርዝ ኖረ። እርስዎ በቀለም ያስደረደሯቸው ብዙዎቹ መጻሕፍት ዛሬ ቀጥ ብለው የቆሙት በእሱ ክር ነው። ከአሥር ዓመት በፊት ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ከምሳ በኋላ በመስኮቱ ሥር ይቀመጥና ከእኛ አንዱ በተራ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለት ነበር። የቀድሞዋ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ፣ ልጆች ለፈተና ሲያጠኑ ብቻ «ዝግ አድርጉት» ከማለት በቀር ከልክላን አታውቅም። ንባቡ ለእሱ ነው ይባል እንጂ ልብስ ሰፊዋ የምትዘመዝመውን ጨርቅ ይዛ አጠገባችን ትቀመጣለች፤ መካኒኩም ጋዜጣ የዘረጋ መስሎ፣ ከሰዓት በኋላውን በሙሉ አንዲት ገጽ ሳይገልጥ ይውላል። አንድ ቀን ጋዜጣውን ገልብጦ መያዙን ብነግረው ለሁለት ቀን አኮረፈኝ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ ዘጠኝ ዓመት ግን ያለዚያ ወርቅ ደኅና ኖረናል።

አራተኛ፣ አንድ መጽሐፍን ይመለከታል፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝም ይኸው ነው።

መጽሐፉ ርዕስ የለውም። ከብዙ ዘመን በፊት የመጀመሪያ ገጾቹና ሽፋኑ ጠፍተው፣ ልቅ ወረቀት ሆኖ ጠራዡ እጅ ሲገባ፣ ሰፍቶ ጥቁር ሸራ አለበሰው፤ የማያውቀውን ርዕስ በጀርባው ላይ አልጻፈም። እኛ «ጀልባው» እንለዋለን። በአንድ ሐይቅ ወዲህና ወዲያ ማዶ ስለሚኖሩ፣ ሃያ ዓመት ስላልተነጋገሩ ወንድማማቾች የሚተርክ ነው። ቤተ መጻሕፍቱ ለእድሳት ሲዘጋ ከአራት መቶ አሥራ ሦስት ገጽ ሦስት መቶ ሰባ ሁለተኛው ላይ ደርሰን ነበር፤ ታናሽየው በክፉ ነፋስ ጀልባውን ከችንካሩ ፈትቶ፣ ወደ ወንድሙ መቅዘፍ ሲጀምር ማለት ነው። እኔ ይደርሳል አልኩ፤ ጠራዡ መንገድ ላይ ልቡ ከድቶት ይመለሳል አለ። የተሸነፈ ጢሙን ሊላጭ ተወራረድን። ኃላፊዋ ገጹ ላይ ሰማያዊ ወረቀት ሰክታ፣ እድሳቱ ሁለት ወር ብቻ እንደሚፈጅ ነገረችን። ሁለቱ ወር አሥራ አራት ሆነ፤ እሷም ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረች።

በአሥራ አራት ወር ውስጥ ሕንጻው ሲታደስ ጠራዡ አረጀ። አሁን ልቡ ታሞ ከአልጋ አይነሣም። ሐኪሙ ቀን አልቆረጠም፤ ፊቱ ግን ቆርጧል። ከጠራዡ ጋር ስንጫወት ስለ ሞት አናወራም፤ የሚያነሣው ያንን ጀልባ ነው። ነፋሱ ገና አልበረደም ወይ እያለ ይጠይቀኛል።

ስለዚህ በሩ በተከፈተ ማግሥት መጽሐፉን ፍለጋ ሄድኩ። ጀርባው ላይ ርዕስ የሌለው መጽሐፍ በአዲሱ ኮምፒዩተር መመዝገብ ስለማይችል፣ ከመሰሎቹ ጋር በጆንያ ታስሮ ከደረጃው ሥር ባለው ዕቃ ቤት እንደተጣለ ሰማሁ። ጆንያዎቹ ስልሳ ሁለት ናቸው። የመጠየቂያ ቅጽ ሰጡኝ፤ ርዕስና ደራሲ የሚሞላበት ነበር፤ በቅንነት «ጀልባው» ብዬ ጻፍኩ። ከስድስት ቀን በኋላ በዚህ ስም የተመዘገበ መጽሐፍ እንደሌለ የሚገልጽ፣ ማኅተም ያረፈበት መልስ ደረሰኝ። መጽሐፉ ያልተመዘገበው ስም ስለሌለው እንደሆነ፣ ስም ስለሌለውም በስም መጠየቅ እንደማይቻል፣ ሳይጠየቅም እንደማይፈለግ አስረዱኝ። ዕቃ ቤቱን ከፍተው እኔው ልፈልግ ብል ቁልፉ የሚሰጠው ለንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ነው፤ ኮሚቴው ደግሞ ገና አልተቋቋመም። ያልተቋቋመው ኮሚቴ ግን ጆንያዎቹን የሚያስወግድበትን ቀን ቆርጧል፤ በዚህ ወር ሠላሳ። ደብዳቤውን የምጽፈው ሃያ አራት ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ የሠራሁትን ብናገር ከእርስዎ ሰዎች የማልሻል መሆኔን ያዩብኛል፤ ቢሆንም አልደብቅም። ደብተር አምጥቼ፣ ዘጠኝ ቀን ለፍቼ፣ የጀልባውን መጨረሻ ራሴ ጻፍኩት። ደብተሩን ቤቴ ባገኘሁት አንድ ወፍራም መጽሐፍ መሐል ደብቄ፣ ለጠራዡ መጽሐፉ እንደተገኘ ነግሬ፣ አልጋው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩለት። ነፋሱን አበረድኩት፤ ታናሹን ማዶ አደረስኩት፤ ታላቁን በር ላይ አቁሜ አስለቀስኩት። እኔም ራሴ ትንሽ አለቀስኩ፤ ጽሑፌ ጥሩ ስለነበረ ነው። ስጨርስ ጠራዡ እጁን ዘረጋ። መጽሐፉን ተቀብሎ አውራ ጣቱን በጀርባው ላይ ሄድ መለስ አደረገ።

«ይሄ ሙጫ ነው፤ እኔ እሰፋለሁ እንጂ አላጣብቅም» አለኝ። ቀጠለና «አንተ ሽማግሌ፣ ጢምህን ለማትረፍ ብለህ ሰው አስታረቅህ?» አለ።

ሁለታችንም ሳቅን። የእሱ ሳቅ ግን ሳል ሆነበት፤ ሳሉም ቶሎ አልለቀቀውም። ሲበርድለት ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና «እውነተኛውን አምጣልኝ፤ ባይደርስም ይሻለኛል» አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሌላ መጽሐፍ ላንብብልህ ብለው እምቢ ይለኛል። እኔም ዘመኔን ሙሉ ስቀልድ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀልዴ አፈርኩ።

አምስተኛና ስድስተኛ ቅሬታም ነበሩኝ፤ አንደኛው ስለ መስታወቱ በር፣ ሌላው ስለ ንግግርዎ ነበር፤ ሁለቱንም ትቻቸዋለሁ። ወንበሮቹን እንለምዳቸዋለን። ቀለሙንም እናጠናዋለን፤ ስኳር በሽታ አረንጓዴ መሆኑን አሁን ደርሼበታለሁ። የምለምንዎ ከሠላሳ በፊት ዕቃ ቤቱ ለግማሽ ቀን እንዲከፈት ብቻ ነው። ጆንያዎቹን እኛው እንፈታለን፣ እኛው መልሰን እናስራለን፤ አንድ መቶ አሥራ አራት ነዋሪዎች የፈረሙበትን ወረቀት ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በእርስዎ ቅጽ ላይ «ረክቻለሁ» ያሉት ናቸው። መጽሐፉን ለማወቅ ርዕስ አያስፈልገኝም። ጠራዡ አልጋው ላይ ሆኖ እጄን ይዞ አስተምሮኛል፤ በአምስት ቦታ ክሩ ተቋጥሮበታል፣ አምስተኛው ቋጠሮ ከሌሎቹ ወፈር ይላል፤ ያን ቀን ክር አልቆበት ቀጥሎ ነበርና። ዓይኔን ጨፍኜ አገኘዋለሁ።

ካገኘሁት የቀሩትን ገጾች አልጋው አጠገብ አነብለታለሁ፤ ጀልባው መንገድ ላይ ቢመለስም አንዲት ቃል ሳልለውጥ እስከ መጨረሻው አነባለሁ። ጢሜም ይላጭ። የጠራዡ ጆሮ ካለፈ በኋላ የሚከፈት ዕቃ ቤት ግን፣ ክቡር ሆይ፣ ለእኔም ለእርስዎም ምን ይረባናል?

ለትዕግሥትዎ፣ ለቀስተ ደመናዎ፣ ለአሥራ አንዱ ሰሌዳዎችና ከሁሉም በላይ ላለመርካት ቦታ ላላስቀረው ቅጽዎ እጅ ነሥቼ እያመሰገንኩ፣ መልስዎን ከቤተ መጻሕፍቱ ሦስት በር ወረድ ብዬ፣ እግሬ መሬት በሚነካ ወንበር ላይ ተቀምጬ የምጠባበቅ፣

ጢሙ በዕቃ ቤትዎ በመያዣነት የተቀመጠበት፣
ታዛዥዎ ሽማግሌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በበሩ ላይ ስምዎ የተቀረጸበትን እብነ በረድ ለጠራዡ በቃል ገልጬለት ነበር። ፊደሉ እንዴት እንደሚያምር፣ ስምዎም ከቤተ መጻሕፍቱ ስም በላይ መጻፉን ነገርኩት። እሱ የጠየቀኝ በምን እንደተያያዘ ብቻ ነው። ሄጄ በጥፍሬ ጫፉን ነካ አድርጌ ካረጋገጥኩ በኋላ በሙጫ መሆኑን ነገርኩት። ለስምዎ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ።