ሆስፒታል ሳያድሩ መታከም

ውድ አባዬ፣

የአዲስ አበባው ሐኪም እማዬ የአንገቷን ኦፕራሲዮን ጠዋት ተሠርታ፣ ደህና ከሆነች በዚያው ቀን አመሻሽ ላይ ከሆስፒታል መውጣት እንደምትችል ነግሮናል።

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። ከተማችን ሚዛን እንደምታውቃት ናት፤ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያ የለውም። ሱቃችንም እዚያው ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ ኮረሪማው፣ እርዱ፣ ቁንዶ በርበሬው በየጆንያው እንደተደረደረ። የተለወጠው የእማዬ ድምፅ ነው። አንተ "ተይ አስወጪው" እያልክ ስትለምናት የኖርከው እንቅርት ካንተ በኋላ ወጣ። እሱስ በሰላም ወጣ፤ በአጠገቡ የሚያልፈው ነርቭ ግን ተጎድቶ አንደኛው የድምፅ አውታሯ መንቀሳቀስ አቆመ። ኦፕራሲዮኑ በደንብ ተሠርቶም ይህ ሊያጋጥም እንደሚችል አስቀድመው ነግረውን ነበር። በራሱ ይመለስ እንደሆነ ብለን ዓመት ጠበቅን። አልተመለሰም።

ያቺ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ትጠራ የነበረች ሴት አሁን የምታወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ስልክ ስታነሳ ሰዉ "ኔትወርኩ አስቸገረ" እያለ ይዘጋባታል። ሱቅ ውስጥ የሚሆነውን ብታይ ግን አባዬ፣ ሆድህን ይዘህ ትስቅ ነበር። ዋጋ ስትናገር ድምፅዋ ስለማይሰማ ደንበኛው ለእሱ ብቻ የቀነሰችለት ይመስለዋል። ጎንበስ ይልና ግራ ቀኙን አይቶ፣ እሱም በሹክሹክታ "እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፣ ለማንም አልናገርም" ይላታል። እማዬ አታርማቸውም። "ደስ ብሏቸው ከገዙ እኔ ምን ቸገረኝ?" ትላለች።

የማያስቀው ውሃ ስትጠጣ ነው። ትን ይላታል፤ ዓይኗ እስኪቀላ ትስላለች። አገጯን ወደ ደረቷ ዝቅ አድርጋ ትንሽ ትንሽ መጎንጨት ተምራለች። ሐኪሙ በተሳሳተ መንገድ የሚገባው ውሃና ምግብ ሳንባዋን እንዳያሳምማት ይሰጋል።

ጥያቄ እንደማበዛ ታውቃለህ፤ አበዛሁበት። እሱም ሳይሰለች አስረዳኝ። አንገቷ ላይ ትንሽ ከፍቶ፣ የማይንቀሳቀሰውን አውታር ወደ መሃል የሚገፋ ማስደገፊያ ያስገባል፤ ያኔ ደህነኛው አውታር ሲዘጋ ይደርስበታል። የሚደነዝዘው አንገቷ ነው፤ ሕመም እንዳይሰማት፣ ነገር ግን ነቅታ "እስቲ ተናገሪ" እየተባለች ድምፅዋን እየሰሙ እንዲያስተካክሉት። አደጋውንም አልሸፋፈነልኝም። የሚፈራው እብጠትና ደም መፍሰስ ነው፤ ሁለቱም መተንፈሻዋን ሊያጠቡት ይችላሉ። ስለዚህ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ለሰዓታት እዚያው ትቆያለች። አንድ አውታር ብቻ የተጎዳበትን፣ ሌላ ከባድ ሕመም የሌለበትን፣ ሌሊቱን አጠገቡ ሰው የሚኖረውን ታካሚ በዚያው ቀን ማሰናበት የተለመደ ነው አለኝ። "ሚዛን ድረስ የምትሄድ ቢሆን ግን አላስወጣትም" አለ። የተስማማው የእህቴ የአልማዝ ቤት ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ስለሆነ ነው። ትንፋሿ ድምፅ ካወጣ ወይም አንገቷ ካበጠ ሳንጠብቅ መመለስ አለብን። ይህን ሁሉ ሰምቼ ልቤ አረፈ።

የእማዬ ልብ ግን አላረፈም። ትርፍ አንጀትህ የወጣ ጊዜ ትዝ ይልሃል? ከሸኮ ዘመድ በሙሉ ሙዝና ዳቦ ተሸክሞ መጥቶ ነርሷ "እዚህ ሰርግ አለ እንዴ?" እስክትል ድረስ። አንተም ውጣ ስትባል "የማጂዎቹ ገና አልመጡም" ብለህ አልጋውን አልለቅም አልክ። ለእማዬ መታከም ማለት ያ ነው። "አልጋ ሳልይዝ ማን ይጠይቀኛል? ሰው ታመመች ሳይል ዳነች ይላል?" አለችኝ። ሳቅኩ። እሷም ሳቀች። ቆይታ፣ "ሆስፒታል ሆኜ ትንፋሽ ቢያጥረኝ ነርስ አለች። አልማዝ ቤት ማን አለ?" ስትለኝ ነው የፈራችው ምን እንደሆነ የገባኝ።

እኔ አለሁ አልኳት። ሳልተኛ አጠገቧ እንደማድር፣ ምን ሳይ ይዣት እንደምሮጥ አንድ በአንድ ነገርኳት። ማደር ከፈለገች ሐኪሙ አይከለክላትም፤ ነገር ግን አልጋ እስኪለቀቅ መጠበቅ አለባት፤ መቼ እንደሚለቀቅ የሚያውቅ የለም። ሳያድሩ የሚታከሙበት ተራ ግን በሚቀጥለው ሳምንት ተይዞላታል። እኔ ሄዳ ብትሠራው ደህና ትሆናለች ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም ሳልደብቅ ነግሬያታለሁ። ከዚያ በላይ አልገፋኋትም፤ አንገቱ የእሷ ነው።

አባዬ፣ ስምህ በዚህ ቤት ሳይነሳ የሚመሽ ቀን የለም፤ እኔ እስካለሁም አይኖርም። እሷም ስታነሳህ በሰው ጆሮ የሚሰማ ድምፅ እንዲኖራት እፈልጋለሁ።

ሐኪሙ ቁርጡን ይጠብቃል። እማዬ "እኔው ራሴ እነግረዋለሁ" ብላለች። መልሷን የምትሰጠው ሰኞ ጠዋት ነው።